ክላሽ ጭቃ አይፈራም፣ ኤም 16 ይነክሳል፦ ምን ያህል እውነት ነው?

ጨዋታው ስለ መሳሪያ ከሆነ አንድ ሰው ይህን ሳይል አይቀርም፦ "ክላሽን ጭቃ ውስጥ ቅበረው፣ አውጥተህ ተኩስ፣ ይሠራል። የአሜሪካኑ ግን ትንሽ አቧራ ከነካው አለቀለት።" እስኪ ዛሬ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ክላሽ ስሙን ያገኘው ከንቱ አይደለም። ሚካኢል ካላሽኒኮቭ የሠራው ይህ ጠመንጃ በ1949 የሶቪየት ሠራዊት መሳሪያ ሆነ። ውስጡ የሚመላለሰው ብረት ከባድ ነው፤ በክፍሎቹ መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ተትቷል። ስለዚህ ጥላሸትና አሸዋ ቢገባም ብረቱ ገፍቶት ያልፋል። ጥይቱም ቢሆን ቀለሁ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ ትንሽ ሲሳብ ወዲያው ከግድግዳው ይላቀቃል።

የኤም 16 ስም የጠፋው ደግሞ ቬትናም ላይ ነው፤ ግን ጥፋቱ የጠመንጃው ብቻ አልነበረም። ዩጂን ስቶነር የነደፈው ቀላል ጠመንጃ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወታደሩ እጅ ሲገባ "ይሄ መወልወል አያስፈልገውም" የሚል ወሬ ተነዛ። ብዙዎቹ መወልወያ እንኳን አልተሰጣቸውም። በዚያ ላይ ሠራዊቱ የጥይቱን ባሩድ ቀይሮት ነበር፤ አዲሱ ባሩድ የተኩሱን ፍጥነት ጨመረ፣ ጥላሸቱንም አበዛው። ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ክሮም ስላልተቀባ በዚያ እርጥበት ይዝጋል። ውጤቱ? የተተኮሰው ቀለህ ተጣብቆ ይቀራል። ወታደሩ ጠላት እየተኮሰበት በአፈሙዙ በኩል ዘንግ ከትቶ ቀለሁን ገፍቶ ማውጣት ነበረበት፤ ያውም ዘንግ ካለው! ለመሳሪያቸው ሲታገሉ የሞቱ አሉ።

ወታደሮቹ ለቤተሰብ መጻፍ ሲጀምሩ ነገሩ ኮንግረስ ደረሰ። በሪቻርድ አይኮርድ የተመራው ንዑስ ኮሚቴ በ1967 ባወጣው ሪፖርት የሠራዊቱን ኃላፊዎች ክፉኛ ወቀሰ። ከዚያ በኋላ ክሮሙ ተቀባ፣ መወልወያው ታደለ። አወላወሉን የሚያስተምር የኮሚክ መጽሐፍ ሳይቀር ታተመ፤ ሥዕሉን የሠራው ታዋቂው ዊል አይስነር ነው። ችግሩም በጣም ቀነሰ።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ የጥይት ጥላሸት፣ ደረቅ አቧራና ጭቃ አንድ ዓይነት ቆሻሻ አይደሉም። ክላሽ የገባውን ቆሻሻ ይችላል፤ ኤም 16 ደግሞ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ ይዘጋል፤ ቀለህ የሚወጣበት ቀዳዳ ክዳን አለው። የክላሽ ሴፍቲ ወደ ታች ሲወርድ ግን ጎኑ ላይ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ወፍራም ጭቃ በዚያ ከገባ ክፍተቱ ሁሉ ይሞላና ብረቱ መመለሻ ያጣል። ኢንሬንጅ የተባለው የዩቲዩብ ቻናል ሁለቱንም ዓይነት ጭቃ አልብሶ ሲሞክር የአሜሪካኑ ወገን ኤአር 15 መተኮሱን ቀጠለ፣ ክላሹ ቆመ። ቪዲዮው ብዙ ሰው አናዷል፤ እኛን ግን አላስገረመንም።

ኤም 16 ቅዱስ ነው ማለታችን ግን አይደለም። የአሜሪካ ጦር በ2007 መጨረሻ አራት ጠመንጃዎችን በአቧራ ሲፈትን፣ የኤም 16 ታናሽ ወንድም የሆነው ኤም 4 ከ60 ሺህ ጥይት 882 ጊዜ ነከሰ። በአማካይ በ68 ጥይት አንዴ ማለት ነው። ኤችኬ 416 የነከሰው 233፣ ስካር 226፣ ኤክስኤም 8 ደግሞ 127 ጊዜ ብቻ ነው።

እና ይቺን ጨምሩበት፦ ያው ኤም 4 ከጥቂት ወራት በፊት በተደረገ ተመሳሳይ የአቧራ ፈተና የነከሰው 300 ጊዜ ገደማ ነበር።