ግድብን ማሳደግና ውኃን መመዘን፦ የአሮጌው አስዋን ግድብ ታሪክ



ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የመስኖ ግድብ ከፍ ሲደረግ የሚሞላው ውኃ መኖሩ በምን ይታወቃል? ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የአስዋን የመጀመሪያው ግድብ በ1902 ሲጠናቀቅ የሚይዘው 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር። የግብፅ የጥጥ እርሻ ወንዙ በሚጎድልበት ወቅት ተጨማሪ ውኃ በመሻቱ፣ ግድቡ በ1912 እና በ1933 ከፍ ተደርጎ ከ5 ቢሊዮን በላይ ለመያዝ በቃ። ይሁን እንጂ የወንዙ ፍሰት ሁሉ ለማከማቸት አይበጅም ነበር። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የክረምት ሙላት ደለል የተሸከመ ስለሆነ በግድቡ በሮች እንዲያልፍ ይለቀቃል፤ የሚጠራቀመው ሙላቱ አልፎ ውኃው ሲጠራ የሚደርሰው ብቻ ነው።

ስሌቱ ለመፈተን አልዘገየም። የመጀመሪያው ማሳደግ በተፈጸመ ማግስት፣ በ1913፣ የዓባይ ሙላት ከተመዘገቡት ዝቅተኛ ሙላቶች አንዱ ሆነ። በየዓመቱ ተሞልቶ የሚለቀቅ ግድብ ደግሞ የጥጋብ ዘመንን ውኃ ለድርቅ ዘመን አያቆይም።

ሃሮልድ ኸርስት የሮዳን የውኃ መለኪያ የዘመናት መዝገብ ጭምር መርምሮ በ1951 ባሳተመው ጥናት፣ የሙላትና የጉድለት ዓመታት በየፊናቸው ተከታትለው የመምጣት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳየ። እንግዲህ አማካዩን ብቻ የተመለከተ መሐንዲስ የሚያስፈልገውን ማጠራቀሚያ አሳንሶ ይገምታል። ስለዚህ ከግንቡ ቁመት አስቀድሞ የመዝገቡ ርዝመት ሊጠየቅ ይገባል፤ ስሌቱ ሲሳሳት ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነውና።