አሚኔ (አዳም አሚኔ ዳንኤል)

ትውልደ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ አሜሪካዊ ራፐር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1994 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን ተወለደ፤ ከተማዋ በራፕ ስሟ እምብዛም አይነሳም። በ2016 ያወጣው «ካሮላይን» በቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ 11ኛ ደረጃ ደረሰ። ዘፈኑ ፈታ ያለ የፍቅር ጨዋታ ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ኅዳር፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ባለቀ ሰሞን፣ በጂሚ ፋለን የቴሌቪዥን ትርዒት ላይ ሲያቀርበው ዶናልድ ትራምፕን የሚነቅፉ አዳዲስ ስንኞች ጨመረበት፤ ለጀማሪ ድፍረት ነበር። በመጀመሪያ አልበሙ «ጉድ ፎር ዩ» (2017) ሽፋን ላይ የመጸዳጃ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። «ሊምቦ» (2020) ሰከን ያለ ነው። በ2023 ከፕሮዲዩሰሩ ኬይትራናዳ ጋር «ኬይትራሚኔ»ን አወጣ። የ2025 አልበሙን «13 መንዝስ ኦቭ ሰንሻይን» ያለው፣ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ባወጡት መፈክር ነው።