ከቪየና እስከ አንገቱ፦ የአንዲት ስስ ሽፋን ታሪክ

ስኳር በሽታ ዓይን ያጠፋል ሲባል ያልሰማ የለም። እንዴት እንደሚያጠፋ ብትጠይቁ ግን የሚነገራችሁ ከዓይን ጀርባ ስላለው ሬቲና ነው። ልክ ነው፤ ዋናው ጉዳት እዚያ ነው። ከፊት ለፊት ሳይጮህ የሚጎዳ ሌላ ነገር እንዳለ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

የዓይናችን የፊት መስታወት ኮርኒያ ይባላል። በዜና «የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ» ሲባል የሚተከለው እሱ ነው። በውስጠኛው ገጹ ላይ ኢንዶቴሊየም የሚባሉ ሴሎች በአንድ ረድፍ ብቻ ተደርድረዋል። ኮርኒያ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይስባል፤ እነሱ ደግሞ ሌት ተቀን ውኃውን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ሥራቸው ሲዳከም መስታወቱ አብጦ ይደፈርሳል። ክፋቱ፣ እነዚህ ሴሎች ሲሞቱ ምትክ የላቸውም፤ ጎረቤቶቻቸው ተለጥጠው ክፍተቱን ይሸፍናሉ እንጂ። በጎልማሳ ዓይን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ከ2,500 እስከ 3,000 ያህል ይገኛሉ። ወደ 500 ሲወርዱ ውኃው ያሸንፋል።

ዓለም ይህን ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1905 ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም በሞራቪያ ኦሎሞውትስ ከተማ፣ በጉዳት ምክንያት ከወጣ የ11 ዓመት ልጅ ዓይን ኮርኒያ ወስዶ ኖራ ላሳወረው ሰው ተከለ። ሰውየው በአንድ ዓይኑ አየ። በ1910 የቪየናው ኤርንስት ፉክስ ኮርኒያቸው የደፈረሰ 13 ሕመምተኞችን መዘገበ፤ ለበሽታው ያወጣለት ስም ግን የውጭውን ሽፋን የሚመለከት ነበር። ጥፋቱ ያለው ከውስጥ ነው! በ1968 ዴቪድ ሞሪስ ስፔኩላር ማይክሮስኮፕን ሲሠራ ሴሎቹን ሳይነኩ ፎቶ ማንሳት ተቻለ። ከዚያ በኋላ ነው የስኳር ሕመምተኞች ጉዳይ የወጣው። በ1980ዎቹ በተደረጉ ምርመራዎች፣ ባለ ስድስት ጎን የነበሩት ሴሎች በስኳር ሕመምተኞች ዓይን ላይ ቅርጻቸውና መጠናቸው ተዘበራርቆ ታየ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ኮርኒያ እብጠቱ ቶሎ አይጎድልለትም። ድንገተኛ የግላኮማ ግፊት፣ የዓይን ውስጥ ቁጣና የሄርፒስ ቫይረስም ይህችኑ ሽፋን ያጠቃሉ።

«ታዲያ ይሄ ለኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ከሐረና ጫካ ማዶ ያለችውን አንገቱን አስቡ። አንድ የአንገቱ ገበሬ ዓይኑ ቢደፈርስ ጫካውን አቋርጦ፣ የሳነቴን ብርድ ተሻግሮ ጎባ ሆስፒታል ይደርሳል። ሽፋኗ ከሞተች ግን መድኃኒቱ ከሌላ ሰው የሚገኝ ኮርኒያ ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ ከጎባም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚያ ላይ ባንኩ የሚሰጠው የተሰጠውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር ነበሩ። ከነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶውን ደግሞ በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ነው። ትራኮማ ከውጭ፣ ስኳር ከውስጥ፤ መስታወቱ ግን ያው አንድ ነው።

በ2023 ጃፓን እነዚህን ሴሎች በላቦራቶሪ አራብቶ በመርፌ ወደ ዓይን የመመለስ ሕክምናን ፈቅዳለች። ደስ ይላል፤ አንገቱ እስኪደርስ ግን ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው በእጃችን ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስኳራችንን መለካት፣ ስኳር ያለበት ሰውም ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሲገባ ለሐኪሙ መንገር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ሁለተኛው ከሞት በኋላ ዓይናችንን ለመለገስ ቃል መግባትና ለቤተሰብ ማሳወቅ ነው። ብሌኑ የሚነሳው ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ስለሆነ፣ ቤተሰብ ያላወቀው ቃል አፈር ይገባል። እኛ የማናይበት ዓይን አንድ የባሌ ሰው ሳነቴን የሚያይበት ሊሆን ይችላል።