የጋፋት ጎረቤታሞች

ከባሕር ማዶ ለእርዳታና ለማስተማር ስለሚመጡ ፈረንጆች ወሬ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከ1955 ዓ.ም. ነው፤ ፒስ ኮር ወደ 300 የሚጠጉ መምህራን ይዞ አገራችን ከገባበት ዓመት። እኛ ግን ወደ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንሂድ ብለናል። ከደብረ ታቦር ትንሽ ወጣ ብላ ጋፋት አለች። ጋፋት ሲባል ሁሉም ሰው መድፉን ያነሣል። ሰዎቹስ እንዴት ይኖሩ ነበር?

ለነገሩ መድፍ ሊሠሩ አልመጡም። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ጎባት ከስዊስ፣ ከቅዱስ ክሪስቾና ተቋም የላኳቸው ወጣቶች በእጅ ሙያቸው እየኖሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ ነበር የታሰበው። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከቱ ይልቅ ሙያውን ወደዱት። መጀመሪያ መንገድ አሠሯቸው፤ ኋላ መድፍ። «አናውቅበትም» ቢሉ ማን ሊሰማ!

እንዲህ ሆኖ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ በኋላም ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ጎረቤታሞች ሆኑ። ጎረቤትነቱም ወደ ዝምድና ዞረ። የንጉሡ ወዳጅ እንግሊዛዊው ጆን ቤል (የኛ ሰዎች ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚሉት) ከአገራችን ሴት የወለዳቸውን ሁለት ልጆች ቫልድማየርና ዛልሙለር አገቡ። ቤል ራሱ በ1853 ዓ.ም. ለንጉሡ ሲዋጋ ወደቀ። ሃል ደግሞ የጀርመናዊውን ሠዓሊ የዛንደርን ልጅ አገባ፤ የእርሷም እናት ኢትዮጵያዊት ናት። እንግዲህ እንግዳ ሲከፋው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ አማች ግን ወዴት ይሄዳል?

ነገሩ የጠነከረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮን በሰንሰለት ሲታሰር ነው። አንዱ ፈረንጅ በእግር ብረት፣ ሌላው በንጉሡ ፊት ባለሟል! እስረኞቹ የጋፋትን ሰዎች በጥርጣሬ ቢያዩ ምን ይደንቃል። በ1858 እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው ራሳም ራሱ ተያዘ፤ ቆራጣ ላይ ኮሌራ ሲገባም ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ጋፋት ተወሰደ፤ ብዙም ሳይቆይ መቅደላ ወረደበት። ፍላድ የሚባለው ሚሲዮናዊ መልእክት ይዞ ወደ እንግሊዝ ሲላክ ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀሩ። በ1859 ደግሞ የጋፋቶቹም ተራ ደረሰ፤ ተጠረጠሩና ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። ባለሟልነቱ ያን ያህል ነበር። እኛ «ባንዳ» ወይም «ባለውለታ» ብለን ለመቁረጥ አንደፍርም፤ ግን ነጻ ሰዎች ነበሩ የሚለውን አንቀበልም።

በ1860 መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ ሠሪዎቹ፣ ሚስቶችና ሕፃናት ሁሉ አብረው ተነሡ። መቅደላ እስኪደርሱ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

የሚከነክነን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ፣ የናፒየር ጦርም «ነጻ ወጣችሁ» ብሎ ሁሉንም ወደ ባሕር ይዞ ወረደ። ለባሎቹ ወደ ነጻነት መውጣት ነው፤ ለሚስቶቹስ? ከእናት አገር መለየት አይደለም? የቤል ልጅ ከባሏ ጋር ሊባኖስ ገባች። የሃልም ቤተሰብ ያፋ ሠፈረ። በዚያው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ የተወለደችው ሴት ልጃቸው መግደሌና ተባለች፤ ፒተር ኡስቲኖቭ የተባለው ስመ ጥር የፊልም ተዋናይ የልጅ ልጇ ነው።