ሬዲዮ በጉድጓድ አፍ፦ ከጋዝ መስክ ወደ ዳንግላ ውኃ

በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ቴኔኮ ተገኝቶ የመጀመሪያው የማምረቻ ምዕራፍ የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። በዓለም የጋዝ መስኮች ራቅ ያለ ጉድጓድ አጠገብ ሰው ተቀምጦ አይውልም። ግፊትን፣ ሙቀትንና ፍሰትን ሴንሰሮች ይለካሉ፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሬዲዮ ንባቡን ለማዕከል ያደርሳል። ማዕከሉ ጉድጓዶቹን በየተራ ይጠይቃል፤ አለዚያም ጉድጓዱ ድምፁን የሚያሰማው ግፊቱ ከወሰን ሲያልፍ ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ በአዊ ዞን ለሚገኙት የዳንግላ የውኃ ጉድጓዶች ይበጃል ወይ? የሞገዱ ስሌት አስቸጋሪ አይደለም። 9 እና 16 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት አንቴናዎች በገላጣ ሜዳ ላይ እስከ 29 ኪሎ ሜትር ሊተያዩ ይችላሉ። የአዊ መሬት ግን ወጣ ገባ ነው፤ ኮረብታውና የባሕር ዛፉ ተክል ይህን ርቀት ያሳጥሩታል። ስለዚህ ኮረብታ ላይ ተቀብሎ አስተላላፊ መትከል፣ ለእሱም የመብረቅ መከላከያ ማበጀት ግድ ይላል። ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚፈታ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲና አጋሮቹ ባስጀመሩት ጥናት ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የአምስት ጉድጓዶችን የውኃ ጥልቀት የለኩት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት የገበሬዎቹ መረጃ ለሳይንሳዊ ትንተና የሚበቃ ጥራት እንዳለው አሳይቷል። ለካዩ ሜትሩን ወደ ጉድጓዱ ይለቅቃል፤ ጫፉ ውኃ ሲነካ ጥልቀቱን አንብቦ መዝገብ ላይ ያሰፍራል።

በሴንሰር ቢተካስ? ውኃ ውስጥ የተጠመቀ የግፊት መለኪያ ብዙውን ጊዜ የአየሩንም ጫና አብሮ ይቆጥራል። የአየር ግፊት በ1 ኪሎ ፓስካል ሲለዋወጥ ያልታረመ ንባብ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሳሳታል። ይህስ በስሌት ይታረማል። ጎረቤት ማለዳ ብዙ ውኃ ቀድቶ ከሆነ ግን ሴንሰሩ የሚያየው መውረዱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቀው እዚያው ያለው ሰው ነው። የጋዝ ጉድጓድ ሬዲዮ የሚያስፈልገው ሰው ስለሌለበት ነው፤ የዳንገሽታ ጉድጓድ ግን ሰው አያጣም። የሚያጣው መንገድ ነው፦ የመዝገቡ ወረቀት ወረዳ የሚደርሰው በየወሩ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሬዲዮ ወይም ሞባይል እዚህ ላይ ቢገባ ይሻላል። ቀን፣ የጉድጓድ ቁጥርና ጥልቀት አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት አይሞሉም።

በኤሌክትሪክ ፓምፕ ለሚሠሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ፍርዱ ይለያል። በአፋር ፓምፕ ላይ የተገጠሙ ሴንሰሮች መሥራት አለመሥራቱን በሳተላይትና በሞባይል መረብ ሲያሳውቁ ቆይተዋል። ከተማን የሚያጠጣ ፓምፕ ሌሊት ቢቆም የሚያየው የለምና እዚያ አውቶማቲክ መሣሪያ ዋጋውን ይመልሳል፤ ያም ቢሆን ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ የሚወጣ ጥገና ሠራተኛ፣ መለዋወጫና ተሽከርካሪ በበጀቱ ከተካተቱ ነው።