ሁለቱ የልደታ ሰዓቶች

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራው ሰፈር ከአንድ ዐሥርተ ዓመታት በላይ ሁለት ሰዓቶችን ጎን ለጎን አስተናግዷል። አንደኛው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዓት ነው። ይህም ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓትና በሠርክ ጸሎትም ይከፋፍለዋል። ሁለተኛው ደግሞ በዚሁ በልደታ ስም ይጠራ የነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ሰዓት ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በ1955 ዓ.ም. ለገቡት የቦይንግ 720 ጄት አውሮፕላኖች የልደታ ሜዳ የማይበቃ ሆኖ ሥራው ወደ ቦሌ እስኪዛወር ድረስ፣ የመዲናዪቱ የአየር በር ልደታ ነበር።

ከሁለቱ ሰዓቶች አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ማለት አይቻልም። ሕዝብ ወደ ሥራው በሚሰማራበት በአንድ የማለዳ ቅጽበት በኢትዮጵያ አነጋገር 1 ሰዓት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የአዲስ አበባ ሰዓት 7 ነው፤ የበረራ ባለሙያዎች በመዝገባቸው የሚያሰፍሩት የግሪንዊች ሰዓት ደግሞ 4 ነው። ቅጽበቱ አንድ ሲሆን ስሙ ሦስት ነው። ልዩነቱን ያመጣው እያንዳንዱ ወገን መቁጠር የሚጀምርበት ነጥብ ነው።

ይህም መነሻ ነጥብ እንዲያው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ግድም ስለምትገኝ የብርሃኑ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ስለሆነም ንጋትን መነሻ ያደረገ ቆጠራ ገበሬውንም፣ ካህኑንም፣ ነጋዴውንም ሳያስት ያገለግላል። በለንደን ግን የቀኑ ብርሃን በሰኔ ከ16 ሰዓት በላይ ይቆያል፤ በታኅሣሥ ከ8 ሰዓት ያንሳል። በዚያ አገር ንጋትን የሚከተል ሰዓት ቢሠራ ሳይታረም አንድ ወር እንኳ አይዘልቅም።

ይሁን እንጂ አውሮፓም በጥንት ዘመን ከንጋት ይቆጥር ነበር። ሮማውያን የብርሃኑን ጊዜ ለ12 ይከፍሉት ነበር። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ቀትርን የሚጠሩበት «ኑን» የተባለው ቃል የመጣው ዘጠነኛ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በወንጌል ስለ ስድስት ሰዓትና ስለ ዘጠኝ ሰዓት የተጻፈውን የልደታ ምእመን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ የለንደኑ አንባቢ ግን የግርጌ ማስታወሻ ያሻዋል። እንግሊዞችን በአንድ ሰዓት ሥር የሰበሰባቸው የምሕንድስና ሥራ፣ ይኸውም ባቡር ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ፀሐይ ይመራ ነበርና የጉዞ ሰሌዳ ማዘጋጀት አስቸጋሪ ሆነ። በዚህም ምክንያት የብሪታንያ የባቡር ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1847 የግሪንዊችን ሰዓት መከተል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1884 በዋሽንግተን የተሰበሰበው ጉባኤም ግሪንዊችን የኬንትሮስ መነሻ አድርጎ መረጠ።

ኢትዮጵያም ብትሆን የረቀቀ የጊዜ ስሌት አልጎደላትም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ በዚህ ስሌት አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ከዚያም ኬክሮሱን ወደ ካልዒት፣ ካልዒቱን ወደ ሣልሲት በስልሳ በስልሳ እየከፈሉ ይወርዳሉ። ዛሬ መሐንዲሶች በካርታ ላይ የሚጠቀሙበት «ኬክሮስ» የተባለው ቃል ከዚህ የቆየ ሙያ ጋር የሚጋሩት ቃል ነው።

ቆጠራ እየተለመደ ሲሄድ አስተሳሰብ ይሆናል። ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲባል ለአማርኛ ተናጋሪ ሌሊቱ የማክሰኞ ነው፤ የጥንቃቄ ሰው ከሆነም «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ይላል። በአየር መንገድ ቲኬት ላይ ግን ያው ሰዓት የረቡዕ ቀን ተጽፎበት ይገኛል። ስለዚህ በረቡዕ ሌሊት የሚመጣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን እንዳለፈው ሲነገረው ይደነግጣል። ይህ ሰው ማንበብ ያልቻለ አይደለም፤ ያነበበው በለመደው ቀን ነው።

ባህል የሚገዛው የጊዜን ግንዛቤ ብቻ ሳይሆን የዐይንን ትኩረት ጭምር ነው። ደሬጎቭስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሥዕል ብዙ ላልተለመደበት ለሜኢኒት ሕዝብ የእንስሳት ሥዕሎች ቀርበውለት ነበር። ሥዕሉ በወረቀት ላይ ሲሆን ተመልካቾቹ ወረቀቱን አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ አሻሹ እንጂ ሥዕሉን ልብ አላሉትም። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ሲሆን ግን፣ ጥቂት ጊዜ ወስደው ቢያስተውሉም፣ አብዛኞቹ እንስሳውን ለይተው ዐወቁ። ዐይናቸው አልደከመም፤ እንግዳው ወረቀት ትኩረታቸውን ስቦት ነበር። ይህን ያስተዋለ ባለሙያ፣ አንድ ግንበኛ ፕላን አልገባኝም ሲለው በሰውዬው አእምሮ ላይ ከመፍረዱ በፊት የራሱን አቀራረብ ይመረምራል።

የነገሩ ክብደት በሥራ ቦታ ጎልቶ ይታያል። በአንድ የሥራ ማዘዣ ላይ «ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መሥመሩ ኃይል አይኖረውም» የሚል ቃል ቢሰፍር፣ ጸሐፊው ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ማለቱ ይሆናል። የውጭ አገር ኩባንያ ባልደረባ ግን ማለዳውን ይረዳል፤ ኃይል ባልተቋረጠበት መሥመር ላይም ሰው ሊያሠማራ ይችላል። ሁለቱም ጠንቃቆች፣ ሁለቱም በየራሳቸው ቆጠራ ትክክል ሆነው ሳለ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። የኮንክሪት ሙሌት፣ የማሽን መዝገብና የጥገና ሰሌዳም ከዚህ አደጋ ውጭ አይደሉም።

እንግዲህ ከሁለቱ ሰዓቶች አንዱን መሻር መፍትሔ አይሆንም። የንጋቱ ቆጠራ ከአገሩ ሰማይ ጋር ይስማማል፤ የግሪንዊቹ አገርን ከአገር ያገናኛል። ከመሐንዲስ የሚፈለገው፣ ርዝመትን ያለ መለኪያው ስም እንደማይጽፍ ሁሉ፣ ሰዓትንም ያለ አቆጣጠሩ ስም አለመጻፍ ነው። አውሮፕላኖቹ ልደታን ለቀው ወደ ቦሌ ከሄዱ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለቱ ሰዓቶች ግን ዛሬም በእያንዳንዱ የሥራ ማዘዣ ላይ ይገናኛሉ።