የዓይኗ ነጭ

ከደባርቅ ወዲያ ካለው ደጋ ስለወረዱ አንዲት አያት ላውጋችሁ። ጊዜው ጥቅምት ነው፣ ሣሩ ጠዋት ጠዋት አመዳይ ይዞ ይነጣል፤ እሳቸውም የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን በአንቀልባ አዝለው፣ ጋቢያቸውን በላይዋ ደርበው፣ ረፋድ ላይ ተነሡ፤ ከዚያም ቁልቁለቱን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱን እያረፉ ወጥተው፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ገቡ። የልጅቱ ኪኒን በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል።

መድኃኒቱን ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። አጎቷ በቲቢ ታሞ ነበርና እሷም ስትሳልና ስትከሳ ተጠረጠረች፤ እንዲህ ያለ ሕፃን አክታ ማውጣት አይሆንለትምና ሰገራዋ ጂንኤክስፐርት በተባለው የቲቢ መመርመሪያ ታየ፤ ቲቢ መሆኑ ሲታወቅም ለ10 ኪሎዋ ተለክቶ፣ በውኃ የሚሟማው፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው ኪኒን ተሰጣት።

በማግስቱ ሽንቷ ብርቱካን መሰለ። አያት አልደነገጡም፤ ነርሷ አስቀድማ «በኪኒኑ ውስጥ ያለው የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፣ አያስፈራዎት» ብላቸዋለች። በኋላ ግን ልጅቱ ማስመለስ ጀመረች፣ የምትወደውን በሶ ገፋች፣ አንድ ቀን ማለዳም ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ የዓይኗ ነጭ እርድ መስሎ ታያቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ «የወፍ በሽታ ነው፣ ሥር ቀጥቅጠን እናጠጣት» አሉ። ሰዎቹ የሚናገሩት ከፍቅር ነው። አያት ግን የዚያን ዕለት ኪኒኑንም ሥሩንም ሳይሰጧት መንገድ ገቡ።

«እማማ፣ ወደ በሩ እንውጣ» አለች ነርሷ፤ ቢጫው በመብራት ይደበቃልና። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ አየች፣ ከቀኝ ጎኗ ከጎድኗ ሥር ዳሰሰች፣ ከዚያም ቀና ብላ፣ «ሌላ ያጠጧት ነገር አለ?» አለች።

«ከወተትና ከውኃ በቀር የለም፣ ልጄ።»

ነርሷ በረጅሙ ተነፈሰች። በኪኒኑ ውስጥ ያሉት ኢሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ቢጨመርበት ያቺ ትንሽ ጉበት ምን ትሆን ነበር? ደም ተወሰደ፣ ጉበቷ መጎዳቱ ታየ፣ መድኃኒቱ ቆመ፤ ቀናት አለፉ፣ ዓይኗ ነጣ፣ ከዚያም ደሟ እየታየ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱላት። ቲቢው እንዳለ ነውና ጨርሶ መተው አይቻልም፤ በሕፃን ላይ ችላ ከተባለ ወደ አንጎል ሽፋን ሊወጣ ይችላል። ሕክምናዋን ጨረሰች፤ ያኔ 12 ኪሎ ሞልታ ነበር።

ይህ የጉበት ጉዳት በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ፈርታችሁ መድኃኒቱን አትንፈጓቸው። ሽንት ቢቀላ ቀጥሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለሱ አልቆም ካለ ግን ኪኒኑን ሳትሰጡ ይዛችሁ ልጁን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም አድርሱት፤ በመንገድ ላይ ምንም አታጠጡት፣ ከወተትና ከውኃ በቀር።